ለትራክተርና ለከባድ ማሽነሪ የሞተር ማስነሻ ባትሪ አመራረጥ

ሞተር አልነሳ ባለ ቁጥር ጥፋቱ መጀመሪያ የሚጣለው በባትሪው ላይ ነው። ሆኖም የዛገ የገመድ ማሰሪያ፣ የደከመ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል) ወይም በአግባቡ ቻርጅ የማያደርግ አልተርኔተር ደህናውን ባትሪ የሞተ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌው በእርግጥ መሞቱን፣ ከሞተም ምን እንደገደለው ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ባትሪ የቀዳሚው ዕጣ ይደርሰዋል፤ የትኛውን ዓይነት መግዛት እንደሚገባ የሚጠቁመውም በአብዛኛው ይኸው መልስ ነው።

ለምርመራው መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ፣ ይበቃል። ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ፣ አርፎ ይለካ። ባለ 12 ቮልቱ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ የቀረው ግማሽ ያህል ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ በዚያው ቅጽበት ቮልቴጁ ይነበብ። ብርቱ ቅዝቃዜ በሌለበት ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ቮልቴጁ ሳይወርድ ሞተሪኖው ዝግ ብሎ የሚያዞር ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ ይሄዳል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን በሚያዞርበት ጊዜ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍና በሞተሪኖው መግቢያ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ከታየ መታደስ ያለበት ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው።

ባትሪው በእርግጥ ከሞተ የአሟሟቱ ምክንያት ይፈለግ። የከባድ ማሽን ባትሪ ብርቱ ጠላት ንዝረት ነው። ድንጋይ በሚሰብር ኤክስካቫተር ወይም በሰንሰለት በሚሄድ ዶዘር ላይ የተቀመጠ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ስለሚናጥ፣ በፕሌቶቹ (በባትሪው ውስጥ ባሉት ሰሌዳዎች) ላይ የተለጠፈው የእርሳስ ውህድ እየረገፈ ወደ ታች ይከማቻል፣ ሴሎቹን የሚያገናኙት ብየዳዎችም ይሰነጠቃሉ። ለተራ መኪና የተሠራ ባትሪ መጠኑ ልክ ቢመጣና ዋጋው ቢረክስም እንዲህ ላለው ሥራ መግዛት አይገባም፤ ፕሌቶቹ ከመያዣው ጋር በሙጫ የተያዙ፣ ለከባድ ማሽነሪ የተዘጋጀ ባትሪ ይመረጥ። በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ አሲዱን የሚይዘው ኤጂኤም የተባለው ዓይነት ንዝረትን በደንብ ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀትና ከመጠን ያለፈ ቻርጅ ስለሚያደርቀው፣ የባትሪው ሳጥን ከሞተሩ አጠገብ የሚግል ከሆነ ውሃ የሚጨመርበትን ዓይነት አስቀድማለሁ።

ለወራት ቆሞ ወቅት የሚጠብቅ ትራክተር ባትሪውን የሚያጣው በሌላ መንገድ ነው። ባዶ ሆኖ የቆየ ባትሪ ፕሌቶቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገርበትና ዳግመኛ ቻርጅ መቀበል ያቅተዋል። እዚህ ላይ ውድ ባትሪ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚጠቅመው ማሽኑ ሲቆም መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባትና ባትሪውን በየጊዜው ቻርጅ ማድረግ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። ዋናው ሲሲኤ የሚባለው ነው፤ በተለመደው የአሜሪካ አለካክ ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠውን አምፔር ያመለክታል። የአውሮፓው አለካክ ግን 10 ሰከንድንና 7.5 ቮልትን ይጠቀማል፤ በዜሮ ዲግሪ የሚለካ፣ ለዚያው ባትሪ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ሌላ መለኪያም አለ። ስለዚህ በሁለት ባትሪዎች ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ከማወዳደር በፊት አለካካቸው አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። መነሻው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ የለበትም። ቁጥሩ ቢበልጥ ሞተሪኖውን ያቃጥላል የሚለው ስጋት ትክክል አይደለም፤ ቮልቴጁ ልክ እስከሆነ ድረስ ሞተሪኖው የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። በሞቃት አካባቢ ግን ሲሲኤን ለማሳደግ ሲባል በቀጫጭን ፕሌቶች የተሞላ ባትሪ ቶሎ ሊያረጅ ስለሚችል፣ የተጠየቀውን ካሟሉት መካከል ወፍራም ፕሌት ያለውን መምረጥ ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶ መብራትና ሬዲዮ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ ሪዘርቭ የሚለውም ይታይ፤ ባትሪው 25 አምፔር እየሰጠ 10.5 ቮልት እስኪደርስ የሚቆይበትን ደቂቃ ይናገራል።

በ24 ቮልት የሚሠሩ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ ያገናኛሉ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን አሮጌውና አዲሱ ቻርጅን እኩል ስለማይቀበሉ አንዱ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሌላው ጎዶሎ ይቀራል፣ አዲሱም ያለ ዕድሜው ይበላሻል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ አምራች፣ በአንድ አቅምና በተቀራረበ የምርት ቀን ይገዙ። ለሬዲዮ 12 ቮልት ሲፈለግ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ መጥለፍም ያንኑ ጉዳት ስለሚያስከትል 24 ቮልትን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ይግባ።

ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ከሳጥኑ ጋር ይመዛዘን፤ ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንደሆነና ጫፉ ክብ ይሁን ባለ ብሎን ይታይ። ገመዱ ተስቦ የሚደርስለት ባትሪ አይገዛ። የምርት ቀኑም ይነበብ፤ መደርደሪያ ላይ ከስድስት ወር በላይ ያለ ቻርጅ የቆየውን መተው ይመረጣል።

ሲቀየር መጀመሪያ የሚፈታው ከማሽኑ አካል ጋር የተያያዘው ገመድ ነው፤ በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ይህ በአብዛኛው ኔጋቲቩ ቢሆንም በአንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች ፖዘቲቩ ስለሆነ ሳያዩ አይጀመር። ከባትሪው ሃይድሮጅን ሊወጣ ስለሚችል እሳትና ብልጭታ ይራቅ፤ ዓይንና እጅም ከአሲዱ ይጠበቁ። ባትሪውን ከማሽኑ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ባትሪው እንዳይነቃነቅ፣ ውጫዊ አካሉም እንዳይሰነጠቅ ተደርጎ ይጥበቅ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በመካከለኛ ፍጥነት እየሠራ ቮልቴጁ በድጋሚ ይለካ፤ በ12 ቮልት መስመር ከ13.8 እስከ 14.5፣ በ24 ቮልት መስመር ደግሞ የዚህ እጥፍ ካልታየ አዲሱ ባትሪ ሳይጎዳ አልተርኔተሩ ይጠገን።