ብርድና ዝናብ አብረው ሲመጡ፦ ለአዲስ ገቢዎች የቤትና የጓሮ ምክር

በረዶ ወደሚጥልበት አገር ለሄደ ሰው መካሪ አይጠፋም። ወፍራም ጃኬት ግዛ፣ ቦት ጫማ አድርግ፣ ጆሮህን ሸፍን ይባላል። ክረምቱ ዝናባማ ወደሆነ አገር የገባ ሰው ግን «አንተማ ዕድለኛ ነህ፣ በረዶ የለም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ እንደታዘብኩት ቀስ እያለ አዲስ ገቢን የሚያማርረው ይሄኛው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያካፋል። ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። የመኝታ ቤቱ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። በረንዳ ላይ ያለው ተክል ብርድ ሳይነካው ከሥሩ ይበሰብሳል።

ለዝናብ እንግዳ አይደለንም፤ ሐምሌና ነሐሴን ኖረንባቸዋል። ልዩነቱ ከዝናቡ በኋላ የሚመጣው ነው። አገር ቤት በክረምትም ቢሆን ብርሃኑ ከ12 ሰዓት በላይ ይቆያል። ዝናቡ ጋብ ሲል ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ደጁም ልብሱም ይደርቃል። ከምድር ወገብ ርቆ ያለ አገር እንዲህ አይደለም። 50 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ክረምቱ ሲበረታ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ብትወጣም ከአድማስ ብዙ ከፍ አትልም፤ የማድረቅ አቅምም የላትም። ስለዚህ ምንም ነገር በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ። እርጥበት መውጫ ካልተበጀለት ባለበት ይቀመጣል። ቤት ውስጥም አፈር ውስጥም ችግሩ ይኸው ነው።

ከቤቱ እንጀምር። ጠዋት ስትነሡ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከውስጥ በኩል አልቦት ታገኙታላችሁ። ውሃው በመስታወቱ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርድና ደፉ ላይ ይጠራቀማል። ብዙ ሰው ዝናቡ ሰርጎ የገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ትንሽ። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል እንፋሎት መያዝ ይችላል። 5 ዲግሪ ላይ ከ7 ግራም አያልፍም። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ መያዝ ያቃተውን ውሃ እዚያው ይጥለዋል።

ቀጥሎ የምለው ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፦ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን መስኮት ክፈቱ። «ውጭው ውሃ በውሃ ሆኖ ሳለ?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሩን እዩት። ውጭ 5 ዲግሪ ከሆነ አየሩ በእርጥበት ቢሞላ እንኳ የያዘው 7 ግራም ነው። ያ አየር ቤት ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም አየሩ መያዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ፣ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ይህ ለቤት ደህና መጠን ነው። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን እመርጥላችኋለሁ።

አከፋፈቱ ግን ወሳኝ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወለል አድርጋችሁ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ክፈቱ። ማሞቂያውን ለዚያች ጊዜ ዝቅ አድርጉት። እርጥቡ አየር ይወጣል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል። አንድ መስኮት ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግን ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሻጋታም የሚፈልገው ቀዝቃዛ ግድግዳ ነው። አንዳንድ መስኮት ከላይ በኩል ጠባብ የአየር ማስገቢያ አለው። ብርድ ያስገባል ብላችሁ በፕላስተር አትድፈኑት። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው።

ልብስ ትልቁ ራስ ምታት ነው። አንድ ማሽን ሙሉ ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ ክፍሉ አየር ይለቃል። ማድረቂያ ማሽን ካላችሁ ተገላገላችሁ። ከሌላችሁ ማጠቢያውን በከፍተኛ ፍጥነት ሁለቴ አስጨምቁት። ከዚያ አንድ ክፍል ምረጡና በሩን ዘግታችሁ፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋችሁ አስጡ። ሳሎን ወንበር ላይና ራዲያተር (የቤት ማሞቂያው ብረት) ላይ አትበትኑት። እርጥበት የሚመጥ ማሽን መግዛት ከቻላችሁ ገንዘባችሁ አልባከነም። ባልዲውን ማታ ስትደፉ ስንት ውሃ ስትተነፍሱ እንደነበር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ግዙ፣ ርካሽ ናት። ከ60 በመቶ በላይ ስታሳይ ዝም አትበሉ፤ ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ብትሆን ጥሩ ነው።

ምግብ ስታበስሉ ድስቱን ክደኑ፣ የወጥ ቤቱን በር ዝጉ፣ ፋኑን አብሩ። ሻወር ቤትም እንደዚሁ። ታጥባችሁ ከወጣችሁ በኋላ ፋኑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሥራ።

ስለ ማሞቂያ ደግሞ እንነጋገር። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ አንድ ክፍል ብቻ ይሞቅና ሌላው በረዶ ቤት ይሆናል። እርጥብ አየሩ ግን ከሞቀው ክፍል ሾልኮ ወደ ቀዝቃዛው ይሄድና እዚያ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ማንም የማይተኛበት ክፍል ሲሻግት ሰው የሚገርመው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ቀዝቃዛ ወቅት ባላቸው አገሮች ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ በቂ ዝቅተኛ ሙቀት ነው ይላል። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ ከፍ ማለት አለበት። ማሞቂያውን ቀኑን ሙሉ አጥፍቶ ማታ ከማንቀልቀል ይልቅ ዝቅ ያለ ሙቀት ሳይቋረጥ ቢኖር ለግድግዳው ይሻላል።

አሁን ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጉት። የውጭ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ከኋላው አየር አያልፍም። መጀመሪያ የምታውቁት በጠረኑ ነው፤ የታመቀ፣ የምድር ቤት ዓይነት ሽታ። ከዚያ ጣታችሁን ግድግዳው ላይ ስታሳርፉ ቀዝቀዝና ለስለስ ይላል፤ ቀለሙ ተነፋፍቷል፤ ከታች ወደ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ቆዳ ጫማና ቦርሳ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ዕቃውን ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ብታስቀምጡ አብዛኛው ይህ አይደርስባችሁም።

ሻጋታው ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም ከአንድ ካሬ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ፣ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሳሙና ውሃ ፈትጉት፣ ከዚያ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ ምንም አይፈይድም፤ ከሥር ያድግና ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ነገሩን ለነገ አትበሉት።

እንደ ሁኔታው ጥፋቱ የእናንተ ላይሆንም ይችላል። ዘወር ብላችሁ ከውጭ እዩ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ግድግዳው ላይ እየወረደ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል መስኮት ብትከፍቱ አይደርቅም። ያን ጊዜ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ፎቶ አንሡ፣ ቀን ጻፉ፣ ኮፒውን ያዙ። ብዙዎቻችን ቋንቋው ስለሚከብደን ወይም «ያስወጡኛል» ብለን ስለምንፈራ በቃል ነግረን እንተወዋለን። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም። የረጠበ ምንጣፍ ወይም ግድግዳም በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ስለዚህ ጊዜ አትስጡት።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላችኋለሁ። ለሙቀት ብላችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም የሚለው እምነት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጠራ ፍምም ይወጣል። የነዚህ አገሮች ቤቶች ብርድ እንዳያስገቡ ጥርቅም ተደርገው ስለሚሠሩ ጋዙ መውጫ አያገኝም። ጋዝ ምድጃ ወይም ቦይለር ካላችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይኑራችሁ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ወዲያው ውጡ፣ ከዚያ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ።

ወደ ጓሮው እንውጣ። መረሬ መሬት ላይ ያደገ ሰው ለዚህ ክረምት ሩቅ አይደለም። ገበሬው ሰፊ መደብ ያወጣል፣ በመሐሉ ቦይ ይቀዳል፣ ውሃውን ያጠነፍፋል። የተክል ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ በውሃ ከተሞላ አየሩ ይወጣና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። በዝናባማ ክረምት ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ እንጂ በብርዱ አይደለም። መሬታችሁ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

እርጥብ አፈር ላይ አትረማመዱ፣ አትቆፍሩም። አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ከቀረና በጣት ስትገፉት ካልፈረሰ ጊዜው አልደረሰም። የግድ መግባት ካለባችሁ ሳንቃ አንጥፋችሁ በሱ ላይ ቁሙ፤ ክብደታችሁ ይከፋፈላል። ሳንቃውን በማግስቱ ስታነሡት ከሥሩ ቀንድ አውጣ ተሰብስቦ ታገኛላችሁ። ዛጎል ያለውም የሌለውም እርጥበት ይወዳል፤ በአንድ ሌሊት ችግኝ ጨርሶ ያድራል። ያኔ ለቅሞ ማስወገድ ነው።

ባዶ መሬት ለዝናብ አትተዉ። ዝናቡ አፈሩን እየደበደበ ያጠብቀዋል፤ ናይትሮጂኑንም ይዞት ወደ ታች ይሰርጋል። የረገፈ ቅጠል ሰብስባችሁ አልብሱት። ቅጠል ቆሻሻ አይደለም፤ ጎረቤት በከረጢት አስሮ ሲጥለው ስታዩ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ምን ይተከላል? ነጭ ሽንኩርት ከሁሉ ይቀላል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት መጨረሻ፣ ብርዱ ሳይበረታ፣ ትልልቁን ፍንካች መርጣችሁ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ብርዱ ይጠቅመዋል። ሳምንታት ብርድ ካልነካው የሽንኩርቱ ራስ ፍንካች ሳይከፋፍል አንድ ድቡልቡል ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሚደርሰው በበጋ ነው። ባቄላም ደጋ ለምዷል፣ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ነገር ግን ዘሩ ውሃ ላይ ከተኛ ስለሚበሰብስ መጀመሪያ በትንሽ ማሰሮ አብቅሉት። ጥቅልል ጎመንና ቅጠል ጎመን ክረምቱን ይወጣሉ። ቅጠል ጎመን እንዲያውም ውርጭ ሲነካው ስኳሩ ስለሚጨምር ይጣፍጣል። በሶብላ ግን አይሞከርም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጠቁራል። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ብርዱን በመጠኑ ይችላሉ፣ ሥራቸው ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን አይወጡትም። በማሰሮ አድርጋችሁ ዝናብ ከማይመታው ግድግዳ ሥር አስጠጓቸው።

ማሰሮዎቹን በጡብ ቁራጭ ከመሬት ከፍ አድርጓቸው፣ ከሥራቸው ያለውን ሳህን አንሡ። ከማሰሮው ግርጌ ጠጠር መጨመር ውሃ ያወርዳል ይባላል፤ አያወርድም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተቋጥሮ ይቆማል። የሚጠቅመው ቀዳዳውና ለቀቅ ያለ አፈር ነው። ቤት ውስጥ ያሉትንም ውሃ አታጠጧቸው ማለት ይቀለኛል፤ ብርሃን ሲቀንስ እድገታቸው ስለሚቆም ብዙ አይጠጡም። ጣታችሁን እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ከአፈሩ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ሲነሡ ካያችሁ ውሃ እንዳበዛችሁ ይንገራችሁ።

ለሰውነታችሁም ልጨምር። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ እዚያ ኬክሮስ ላይ ደግሞ የክረምት ፀሐይ ለዚህ አትበቃም። ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀን ብርሃን ሳለም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ውጡ፣ እያካፋም ቢሆን። ድብርቱን በደንብ ያቀለዋል።

ጓሮ የላችሁም? በብዙ ከተሞች የከተማው አስተዳደር ወይም የሰፈር ማኅበር ትናንሽ የአትክልት ቦታ ያከራያል። ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ፀደይን አትጠብቁ፤ ስማችሁን አሁን አስመዝግቡ። ቦታ ካሳዩዋችሁም በዝናብ ቀን ሄዳችሁ እዩት። በበጋ ሁሉም ቦታ ያማረ ነው። ውሃ የሚተኛበት የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ የአጥር ጥላ እስከ የት እንደሚደርስ የሚታየው በክረምት ነው። ምርጫ ከሰጧችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ።