የደረጃ መልሶችን በኮምፒውተር እንዴት እንተንትን?

ቡና ሲፈላ አቦል ይቀድማል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ያሳርጋል። ይህን ቅደም ተከተል ደሴ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አቦል ከቶና በምን ያህል እንደሚወፍር፣ ቶናስ ከበረካ በምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ማንም ለክቶ አያውቅም። ሁለቱ ልዩነቶች እኩል ናቸው የሚልም የለም።

በመጠይቅ ላይ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» እያልን የምንሰበስበው መልስም እንደዚሁ ነው። ተራው ይታወቃል፣ ርቀቱ አይታወቅም። ሆኖም ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች መልሶቹን 1፣ 2፣ 3 ብለው ያስገቡና እንደ ኪሎ ወይም እንደ ብር አማካይ ያወጡላቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰው ደክሞ፣ ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው መረጃ የማይገባው ስሌት ውስጥ ይገባልና። ለእንዲህ ያለ መረጃ የተበጀው መንገድ ኦርዲናል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይባላል፤ ሌሎች ነገሮች መልሱን ወደ ከፍተኛው ወይም ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ምን ያህል እንደሚገፉት የሚገምት የስሌት ሞዴል ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፒተር ማከላ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በስፋት ታውቋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለሱ የሚሠሩ ሰዎችን እንደ ምሳሌ እንያዝ። የሀረጎን ተራራ ወርደው ሥራቸው ሲደርሱ በትራንስፖርቱ ምን ያህል እንደረኩ ጠየቅናቸው እንበል። መናኸሪያ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደጠበቁና ፈረቃቸው የጠዋት ይሁን የከሰዓት በኋላም መዘገብን።

የመጀመሪያው ሥራ የደረጃዎቹን ተራ ለኮምፒውተሩ በግልጽ መንገር ነው። ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። አር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተራውን ካልነገራችሁት በፊደል ቅደም ተከተል ይደረድራል። መልሶቹ በአማርኛ ከተጻፉ «መ» ከ«ከ»፣ «ከ» ደግሞ ከ«ዘ» ስለሚቀድም ድርድሩ «መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ» ይሆናል። የቡናውን ስሞች ብትሰጡትማ በረካን አስቀድሞ አቦልን መጨረሻ ያደርገዋል። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ሞዴሉ ይሠራል፣ ሠንጠረዡም ያማረ ሆኖ ይታያል። አንዲት ተመራቂ እንዲህ ያለ ውጤት ይዛልኝ መጥታ፣ ረጅም ጊዜ የሚጠብቁት የበለጠ ረክተዋል የሚለውን እንዴት እንደምታብራራው ጨንቋት ነበር። ደረጃዎቹን በተራቸው ስናስቀምጥ የቁጥሩ ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ ተገለበጠ፣ ነገሩም ግልጽ ሆነ። ስለዚህ በአር «ፋክተር» (factor) በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ደረጃዎቹን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ጻፉ። ኤስፒኤስኤስና ስታታ በተባሉት ሶፍትዌሮች ደግሞ መልሱን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ በትክክለኛው ተራ አስገቡና ለየቁጥሩ ስም ስጡት። እዚህ ቁጥሩ የሚያገለግለው ለተራ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሞዴሉን ከመሞከራችሁ በፊት እርካታንና ፈረቃን በሠንጠረዥ አጋጥማችሁ ቁጠሩ። ባዶ ሳጥን ካለ ሞዴሉ የተጋነነ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ያለበትን ደረጃ ከጎረቤቱ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ይህን ማድረጋችሁን ግን በጽሑፋችሁ ግለጹ።

ሞዴሉን ማስኬዱ ራሱ አጭር ነው። በአር «ማስ» (MASS) በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው ትእዛዝ «ፖልር» (polr) ሲሆን፣ «ኦርዲናል» (ordinal) በሚባለው ጥቅል ውስጥ ደግሞ «ሲኤልኤም» (clm) አለ። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ «ፖልር» በማጠቃለያው የፒ ዋጋ፣ ማለትም ውጤቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ ለመመዘን የሚረዳውን ቁጥር፣ አያወጣም፣ «ሲኤልኤም» ግን ያወጣል። በስታታ ትእዛዙ «ኦሎጂት» (ologit) ነው። በኤስፒኤስኤስ ከ«አናላይዝ» ወደ «ሪግሬሽን»፣ ከዚያ ወደ «ኦርዲናል» ትገባላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አርና ስታታ ፈረቃን የመሰለውን ምድብ ሲያነጻጽሩ መነሻ የሚያደርጉት የመጀመሪያውን ነው፣ ኤስፒኤስኤስ ግን በዚህ ትንተና የመጨረሻውን። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መረጃ ተቃራኒ ምልክት ቢያገኙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጣችኋል። አንደኛው መቁረጫ ነጥብ ነው፤ ለሦስት ደረጃ ሁለት፣ ለአምስት ደረጃ አራት ይሆናል። ደረጃዎቹ የሚለያዩበትን ወሰን ስለሚያሳይ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል መሆን የለበትም፤ የቡናው ነገር እዚህ መልስ ያገኛል። ሁለተኛው የየተለዋዋጩ ኮኤፊሸንት ነው፤ ይህም ፈረቃ ወይም የጥበቃ ጊዜ መልሱን ወደየትና ምን ያህል እንደሚገፋው የሚያሳይ ቁጥር ነው። በእነዚህ ሦስት ሶፍትዌሮች አዎንታዊ ቁጥር ወደ ከፍተኛው ደረጃ መሄድን ያሳያል።

ለማሳያ ያህል ቁጥሮች ልስጥ። የከሰዓት በኋላ ፈረቃ ኮኤፊሸንት 0.7፣ «መካከለኛ»ን ከ«ከፍተኛ» የሚለየው ነጥብ 1.0 ይሁን፤ ተጓዡም ምንም ሳይጠብቅ መኪና አገኘ እንበል። ዕድሉ የሚገኘው በነጥቡ ኤክስፖኔንሻል (2.718 በዚያ ቁጥር ኃይል ሲነሳ) ላይ 1 ደምረን 1ን ለድምሩ ስናካፍል ነው፤ ስለዚህ ጠዋት የሚሄደው «ከፍተኛ» የማለት ዕድሉ 27 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለከሰዓት በኋላው ከ1.0 ላይ 0.7 ሲቀነስ 0.3 ይቀራል፣ ዕድሉም ወደ 43 በመቶ ይወጣል። የ0.7 ኤክስፖኔንሻል 2.01 ስለሆነ ብዙዎች «ዕድሉ በእጥፍ ጨመረ» ብለው ይጽፋሉ። እጥፍ የሆነው ግን ኦድሱ ነው፤ ይኸውም የመሆን ዕድል ላለመሆን ዕድል ሲካፈል የሚገኘው ከ0.37 ወደ 0.74 ከፍ አለ። 27 እና 43 ግን እጥፍ አይደሉም። ለጥበቃ ጊዜ የሚወጣው ቁጥር በደቂቃ ስለሆነ ትንሽ ቢመስል አትናቁት። በደቂቃ −0.04 ቢሆን በ10 ደቂቃ −0.4 ይሆናል፣ ኦድሱም በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ሞዴሉ አንድ ትልቅ ግምት አለው፦ የፈረቃው ውጤት በሁሉም መቁረጫ ላይ አንድ ነው ይላል። ይህን ሳትፈትሹ አታልፉ። በኤስፒኤስኤስ «ቴስት ኦፍ ፓራለል ላይንስ» የሚለውን ምረጡ፣ በስታታ «ብራንት» (brant) የተባለውን ፍተሻ ጫኑ፣ በ«ኦርዲናል» ጥቅል ደግሞ «ኖሚናል ቴስት» (nominal_test) አለ። መረጃው ብዙ ሲሆን ፍተሻው ጥቃቅን ልዩነትንም ስለሚይዝ የፒ ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። መልሱን አንዴ «ዝቅተኛ ወይስ ከዚያ በላይ»፣ ሌላ ጊዜ «እስከ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ» ብላችሁ ሁለት መልስ ብቻ ባለው መደበኛ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሁለት ጊዜ ሞክሩና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስተያዩ። ከተቀራረቡ ቀጥሉ። በጣም ከተራራቁ ያ ተለዋዋጭ በየመቁረጫው የራሱ ቁጥር እንዲኖረው አድርጉ፤ «ሲኤልኤም» ይህን ይፈቅዳል።

ውጤቱን ስትጽፉ ኦድስ ሬሾውን፣ ማለትም ኦድሱ በስንት እጅ እንደተለወጠ የሚያሳየውን እንደ 2.01 ያለ ቁጥር፣ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ጋር አስቀምጡ፣ አጠገቡም እንደ 27 እና 43 ያሉትን የተሰሉ ዕድሎች በሠንጠረዥ አሳዩ። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ የሚረዳው ሁለተኛውን ነው።