የቼዝን የጣሊያን መክፈቻ በአንድ የሄስቲንግስ ጨዋታ እንማር

ለውድድር የሚዘጋጁ ልጆችን የጣሊያን መክፈቻ ሳስተምር ሁልጊዜ የምይዘው አንድ ጨዋታ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ሄስቲንግስ፣ እንግሊዝ፣ ስታይኒትዝ ከቮን ባርደልበን ጋር የተጫወተውን። ስታይኒትዝ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በላስከር ከተነጠቀ ገና ዓመቱ ነበር። ከዚህ የተሻለ የመክፈቻ ትምህርት አላውቅም።

ስልኩን ተዉትና ሰሌዳ ዘርጉ። ስታይኒትዝ ነጭ፣ ቮን ባርደልበን ጥቁር ነው፤ ኢ4 ማለት በኢ ዓምድ አራተኛው ካሬ ነው። ነጭ ወታደሩን ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። የነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ የጥቁር ፈረስ ሲ6። ቢሾፖቹ (በሰያፍ የሚሄዱት) ሲ4 እና ሲ5 ላይ ይቆማሉ። ነጭ ወታደሩን ሲ3 ይገፋል፤ ጥቁር ሁለተኛ ፈረሱን ኤፍ6 ያወጣል፤ ነጭ ዲ4። ሲ3 ለምን እንደመጣ እዚህ ላይ ይገባችኋል፦ ዲ4ን ለመደገፍ ነው። መሃሉ ይከፈታል፤ ነጭ በ9ኛው እንቅስቃሴ ካስል ያደርጋል (ንጉሡን ወደ ጎን ወስዶ ሩኩን፣ ማለትም ግንቡን፣ በአጠገቡ ያሻግራል)፤ ብዙ መበላላት ይከተላል። ይሄን ቶሎ እለፉት።

14ኛው ላይ፣ ነጭ ሩኩን ኢ1 ሲያመጣ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። የጥቁር ንጉሥ ኢ8፣ ፈረሱ ኢ7፣ ንግሥቱ ዲ5 ላይ ናቸው። ጥቁር አሁን ካስል ቢያደርግ ምን ይሆናል? መልሱን በወረቀት ሳትጽፉ አትቀጥሉ። ፈረሱን የሚጠብቀው ንጉሡ ራሱ ነው፤ ከተነሣ ሩኩ ፈረሱን ይበላል። ጨዋታው በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ልጆቹ ይሄን ራሳቸው ሲያገኙት ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

የጥቁር ንግሥት ወደ ዲ7 ከተመለሰች በኋላ፣ በ17ኛው ነጭ ወታደሩን ዲ5 ገፍቶ ይሰጣል። ለምን? ዲ4 ለፈረሱ እንዲለቀቅ፤ ፈረሱም ከዚያ ተነሥቶ ኢ6 ላይ ይተከላል። ከ22ኛው ጀምሮ ሩኩ በኢ7፣ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7 በተከታታይ ቼክ እያለ (ንጉሡን እያጠቃ) ይሄዳል። የጥቁር ንግሥት ኢ7 ወይም ኤፍ7 ላይ ብትበላው ነጭ የሲ8ን ሩክ በቼክ ይወስዳል። ቮን ባርደልበን መሸነፉን ሳይናገር ከአዳራሹ ወጣ፤ ስታይኒትዝ እስከ ማት (ንጉሡ ማምለጫ እስኪያጣ) ያለውን መንገድ ለተመልካቹ አሳየ።

ቀጥሎ ጓደኛ ጥሩ፤ ሰዓት አስቀምጡ። በ16ኛው ጥቁር ሲ6 ገፋ፤ እናንተ ግን ንጉሡን ኤፍ7 አውጡት፤ ተንታኞች የሚመክሩት ይሄንን ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ አንዴ በጥቁር፣ አንዴ በነጭ ተጫወቱ፤ እያንዳንዱንም እንቅስቃሴ እንደ ውድድር መዝግቡ።