የጀልባ ጃኬታችሁን ትከሻው ላይ ሳቡት
ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ስትሻገሩ የሚሰጣችሁ የሕይወት አድን ጃኬት ብዙ ጊዜ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ነው። አይሆንም። ገና ዳር ላይ ሳላችሁ ቁልፎቹን በሙሉ ዝጉ፣ ቀበቶዎቹን ጠበቅ አድርጉ። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ አብሯችሁ ያለው ሰው የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭና ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ አስቀይሩ።

ውሃ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ሰውነት ወደ ታች ሲል ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከላላ ፊት ይሸፍናል፣ ሲብስም በጭንቅላት በኩል ሾልኮ ይወጣል። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ የማይሆነው ለዚህ ነው። ለትንሽ ልጅ በክብደቱ ልክ የተሠራ፣ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይፈለጋል። ከሌለ አለመሳፈር ነው፤ ባለጀልባው «ቅርብ እኮ ነው» ቢልም።

ጋቢ የለበሰ መጀመሪያ ያውልቅ። ከሥር ሆኖ ሰፊውን ጃኬት ልክ ያስመስለዋል፣ ሲርስ ደግሞ ይከብዳል።

ጨርቁ የተቀደደ ወይም ስፖንጁ የተጨማደደ ጃኬት ግን ቢሳብ ንቅንቅ ባይልም አትቀበሉት።