ዲስትሪቢውተሩን ከማዞራችሁ በፊት፦ የአሮጌ መኪና እሳትና ታይሚንግ አፈታተሽ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ደህና የመጣ አሮጌ ኮሮላ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር፣ ቤንዚን ጫን ሲሉት ቀጭን የብረት ድምፅ ያሰማል። ዳገቱ ሲያልቅ ድምፁም ይጠፋል፤ ሹፌሩም ይረሳዋል። ፒስተን የሚበሳው ግን በዚሁ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ደጋ ላይ በጆሮ የተሞላ ታይሚንግ ነው፤ ታይሚንግ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ከሚገባው በላይ ቢቀድምም ሞተሩ አያንኳኳም። እንዲያውም ትንሽ ሲያስቀድሙት የበረታ ይመስላል። ያው መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ያኔ የተደበቀው ጥፋት ይወጣል። በሌላ በኩል ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ መኪናው ስለደከመ ብቻ ታይሚንጉን አትጠርጥሩ።

ከዚህ በታች ያለው ፑንቲና (እሳቱን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ላላቸው አሮጌ መኪኖች ነው፦ ለላዳ፣ ለቮልስ፣ ለድሮ ኮሮላ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ዲስትሪቢውተሩን፣ ማለትም እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ማዞር የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ምልክቱን ለዩ

እሳቱ ሲቀድም ሞተሩ ዳገት ላይ ያንኳኳል፤ ሲያስነሱትም ወደ ኋላ የመምታት ነገር አለው። ሲዘገይ ደግሞ ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ በጭስ ማውጫው በኩል ይተኩሳል። ሲሞቅ ድንገት ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ቦቢናውን (የባትሪውን ቮልት ከፍ የሚያደርገውን) ጠርጥሩ።

እሳቱን እዩ

አንድ ካንዴላ (እሳቱን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) ፍቱና ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰኩት። ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ አስነኩና ሰው ሞተሩን በቁልፍ ያዙርላችሁ። ካንዴላውን በባዶ እጅ አትያዙ፤ እዚያ የሚደርሰው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። የቤንዚን ሽታ ካለም አትሞክሩት። ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ቦቢናውን፣ ኮንደንሰሩን (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀውን)፣ ፑንቲናውንና ገመዶቹን መፈተሽ አለባችሁ። እሳቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ታይሚንግ መሙላት ድካም ብቻ ነው።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አውጥታችሁ ውስጡን እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ ተሰንጥቋል፤ መለወጥ ነው። በክረምት፣ በተለይ እንደ እንጅባራ ባለ ዝናብ በማይጠፋበት አገር፣ ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ጠዋት መኪናው እምቢ ይላል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ሊያስነሳው ይችላል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን ተመልከቱ። ከጎን ብልጭ የሚል ካለ እሳቱ እዚያ እየፈሰሰ ነው።

ፑንቲናውን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ እንድትወስዱ እፈልጋለሁ። ፑንቲና ማለት ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው ትንሹ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው። እሳቱ የሚነሳው ሲከፈት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቀድሞ ይከፈታል፣ እሳቱም ይቀድማል። ሲጠብ ይዘገያል። በመኪናው ዕድሜ ደግሞ የፑንቲናው ተረከዝ (ዘንጉን እየተሻሸ የሚከፍተው ጫፍ) እየተበላ ክፍተቱ ይጠባል። ዲስትሪቢውተሩን ማንም ሳይነካው ታይሚንጉ የሚሸሸው በዚህ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን ሳይለኩ ታይሚንግ መሙላት ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው።

ፑንቲናው በጣም እስከሚከፈትበት ድረስ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ከዚያ ፊለር ጌጅ በሚባሉት ስስ የብረት ቅጠሎች ለኩ። ለብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ የእናንተን መኪና ቁጥር ከመመሪያው ተመልከቱ። ፊቱ ተቃጥሎ ከተቦረቦረ ፑንቲናውን ለውጡ፣ ኮንደንሰሩንም አብራችሁ ለውጡ። የተበላሸ ኮንደንሰር አዲሱን ፑንቲናም ያቃጥለዋል። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ክፍት አትተዉ፤ ቦቢናው ይግላል።

ታይሚንጉን በአምፖል ያዙ

ታይሚንግ ላይት (ሞተሩ እየሠራ ምልክቱን የሚያሳይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት) ከሌላችሁ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖልና ሁለት ገመድ ይበቃል። ማርሹን ኒውትራል አድርጉ፤ ሞተሩ እንዲቀል ካንዴላዎቹን ፍቱ። አምፖሉን አንዱን ጫፍ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተር በሚሄደው ገመድ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። ከዚያ የሞተሩን ፑሊ (ቀበቶ የሚያዞረውን ጎማ መሰል ብረት) በመፍቻ ይዛችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። አምፖሉ መብራት ያለበት ፑሊው ላይ ያለው ምልክት መመሪያው ያለው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ሮተሩ (ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ጣት) ወደ አንደኛው ሲሊንደር ገመድ ማመልከቱንም አረጋግጡ፤ ምልክቱ በአራተኛው (በቮልስ በሦስተኛው) ሲሊንደር ጊዜም ይገጥማል።

አምፖሉ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከበራ የዲስትሪቢውተሩን ብሎን አላሉ። ሮተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ስታዞሩት እሳቱ ይቀድማል፣ አብሮ ስታዞሩት ይዘገያል። የፀጉር ያህል እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ አጥብቁ።

ታይሚንግ ላይት ካላችሁ የቫኪዩሙን ቱቦ (ከካርቡሬተሩ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን) ነቅላችሁ ድፈኑት፤ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አንሱና ምልክቱን እዩ። ጋቢ ወይም ፎጣ አንገታችሁ ላይ ካለ አስቀድማችሁ አውልቁ፤ ቬንትሌተሩ ይይዘዋል። ቤት ውስጥም አትሥሩ፤ ጭሱ ይገድላል።

እሳቱ ከፍጥነቱ ጋር መቅደሙን እዩ

ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱም አብሮ መቅደም አለበት። ለዚህ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ በስፕሪንግ የተያዙ ሁለት ክብደቶች አሉ። ዙሩን ስትጨምሩ ምልክቱ በላይቱ ሥር ቀስ ብሎ መሸሽ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ ዝገዋል፤ ድንገት ከዘለለ ስፕሪንጉ ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ምልክቱ ወዲህ ወዲያ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ተበልቷል፤ ይህን ማዞር አያድነውም።

የቫኪዩሙን ቱቦ በአፋችሁ ሳቡት። ውስጥ ያለው ሳህን መንቀሳቀስና ቱቦውን በምላሳችሁ ስትደፍኑት ባለበት መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ጎማው ተቀዷል፤ ሜዳ ላይ ቤንዚን ይበላባችኋል።

ዲስትሪቢውተሩ እስከ ጥጉ ዞሮም ምልክቱ ላይ ካልደረሰ አታስገድዱት። ያኔ ችግሩ ከዲስትሪቢውተሩ በታች ነው፦ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ረዝሟል፣ ቀበቶው ጥርስ ዘሏል፣ ወይም ዲስትሪቢውተሩ ሲገጠም አንድ ጥርስ ተዛንፏል። እሱን መካኒክ ይክፈተው።