ሙቀት ሲጨምር ቡናው የሚያሳየው ምልክት፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለአረቢካ ቡና የሚስማማው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከዚህ ሲያልፍ ተክሉ ይዳከማል፤ ብዙዎቹ ተባዮች ግን ይበረታሉ። ስለዚህ ምልክት ሲያዩ ወደ መድኃኒት ከመሮጥዎ በፊት ያለፉት ሳምንታት ሙቀትና ዝናብ እንዴት እንደነበሩ ያስታውሱ። የቆየው የርጭት ቀን የተወሰነው በቆየው አየር ጠባይ ነው፤ ዛሬ ቀኑን መንገር ያለበት ተክሉ ራሱ ነው።

ምልክት፦ ፍሬው እምብርት ላይ የስፒል ራስ የምታህል ክብ ቀዳዳ

ፍሬውን ሰንጥቀው ይመልከቱ። ውስጡ ዱቄት፣ ነጫጭ እጭ ወይም ጥቁር ደቃቅ ጥንዚዛ ካለ መንስኤው ፍሬ ሰርሳሪ ጥንዚዛ ነው። ሴቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ከ15 ዲግሪ በታች መራባቷ ይገታል፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን በፍጥነት ትራባለች። ቀድሞ በብርዱ የተጠበቁ ከፍተኛ ቦታዎች አሁን የሚጠቁት ለዚህ ነው። ዝናቡ ተቆራርጦ ሲመጣ ቡናው ደጋግሞ ያብባል፤ በዚህም ማሳው ላይ ምንጊዜም የምትበላው ፍሬ አታጣም።

መፍትሄው የሚጀምረው ከለቀማ ማግስት ነው። ዛፉ ላይ የደረቀውንም መሬት የወደቀውንም ፍሬ አንድ ሳይቀር ይልቀሙ፤ በፈላ ውኃ ይንከሩት ወይም በጥልቀት ይቅበሩት። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጥንዚዛዋ ወደሚቀጥለው ምርት የምትሻገረው በተረፈው ፍሬ ስለሆነ ይህን ትቶ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ኤታኖልና ሜታኖል የተቀላቀለበት ወጥመድ የሚበሩትን ሴቴ ጥንዚዛዎች ይይዛል፤ ሜታኖል መርዝ በመሆኑ በጥንቃቄ ይያዝ። ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ፈንገስም ይገድላታል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዘሩ እስኪጠነክር ቀዳዳው አፍ ላይ በምትቆይበት ጊዜ ነው። ዘልቃ ከገባች ርጭት አያገኛትም።

ምልክት፦ ቅጠሉ በታችኛው ገጹ ብርቱካናማ ዱቄት ለብሷል

በጣትዎ ይጥረጉት። ዱቄቱ ከተነሳ የቅጠል ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ዱቄት ከሌለው ግን የምግብ እጥረት ወይም የሥር ችግር ይፈልጉ። የዋግ ዘር የሚበቅለው ቅጠሉ ላይ ውኃ ለሰዓታት ሲቆይ፣ በተለይም ሙቀቱ ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሌሊቱ ሲሞቅ በሽታው ከቅጠሉ ከገባበት እስከሚታይበት ያለው ጊዜ ያጥራል። በ2012 እ.ኤ.አ. መካከለኛው አሜሪካን ላጠቃው ወረርሽኝ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት መጥበቡ ከማሳ እንክብካቤ መጓደል ጋር በምክንያትነት ይጠቀሳል።

የመዳብ መድኃኒት ተከላካይ እንጂ ፈዋሽ አይደለም፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር፣ ዱቄቱ ሳይታይ ይረጫል። ቅርንጫፍ ገርዘው አየር ያስገቡ፤ ያፈራውን ተክል በሚገባ ይመግቡ። የሚቋቋም ዝርያ መትከል ዘላቂው መንገድ ነው። ያም ቢሆን ፈንገሱ ዝርያውን የሚያሸንፍበት ጊዜ ስላለ ክትትሉ አይቋረጥ።

ምልክት፦ አበባው አረንጓዴና ጠንካራ ኮከብ መስሎ ቀረ፣ ወይም ረገፈ

ተባይ አይፈልጉ። እንቡጡ በሚፈካበት ሰሞን ከባድ ሙቀት ወይም የውኃ እጥረት አግኝቶታል። ሥሩን በወፍራም ጉዝጓዝ ይሸፍኑ፤ ውኃ ካለዎት በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን አንዴ በደንብ ያጠጡ። አበባው ተራርቆ ከወጣ ፍሬውም ተራርቆ ይበስላል፤ ደጋግሞ ቀዩን ብቻ ከመልቀም ሌላ ማምለጫ የለም።

ምልክት፦ ለከሰዓት ፀሐይ የተጋለጠው ወገን ብቻ ተቃጥሏል

የጥላ ዛፍ ይትከሉ። ጥላው ብርሃን አልፎበት መሬት የሚደርስ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ካለ ቅጠሉን አርጥቦ ዋግ ይጋብዛል። ፀሐይ የሚያገኘው ግንድ በአፍሪካም በእስያም ለግንድ ሰርሳሪ የተመቸ ነው። ግንዱ ሥር የእንጨት ብናኝ ካዩ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ይፈትሹ፤ የጠወለገውን ነቅለው ያቃጥሉ።

ምልክት፦ አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁርና የሰረጎደ ነጠብጣብ

ይህ የቡና ፍሬ በሽታ ነው፤ ከሌሎቹ በተለየ ብርድና እርጥበት ይወዳል። በአፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ያሉ አምራቾች ሙቀቱ ጨመረ ብለው ይህን መከታተል መተው የለባቸውም። የታመመውን ፍሬ ለቅመው ያስወግዱ፤ የፈንገስ መድኃኒት ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ይርጩ፤ አዲስ ሲተክሉ የሚቋቋም ዝርያ ይምረጡ።