በውሃ-በዘይት ማይክሮኢመልሽን ፖሊመር ሲሠራ የጭማሪዎችን ውጤት መለየት

በዚህ ማይክሮኢመልሽን ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች በዘይት ውስጥ ተበትነዋል፤ ፖሊመሩም የሚሠራው በእነሱ ውስጥ ነው። ጨው ወይም አልኮል ጨምራችሁ የፖሊመሩ ጠባይ ቢለወጥ፣ ጭማሪው የነካው ምላሹን ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ጠብታዎቹን የከበበውን የሰርፋክታንት (ውሃንና ዘይትን የሚያስማማ ንጥረ ነገር) ሽፋን ነው። ስለዚህ ሙከራው ያለ አስጀማሪ (ፖሊመራይዜሽኑን የሚቀሰቅስ ኬሚካል) ይጀመር።

16 ግራም ኤኦቲ (ሰርፋክታንቱ) በ72 ግራም ቶሉዊን (ዘይቱ) አሟሙ፤ 4 ግራም አክሪላማይድ (ሞኖመሩ፣ ማለትም ተቀጣጥሎ ፖሊመር የሚሆነው) ደግሞ በ8 ግራም የተጣራ ውሃ። ውሃማውን እያማሰላችሁ በዝግታ ወደ ቶሉዊኑ ጨምሩ። ጥርት ማለት አለበት፤ ከደፈረሰ ኤኦቲ በግማሽ ግራም እየጨመራችሁ እዩት። አክሪላማይድ ነርቭ ይጎዳል፣ በቆዳም ይገባል፤ ቶሉዊን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ጓንት አድርጉ፣ አየር መሳቢያ ባለበት ሥሩ። እዚህ ላይ የውሃና የኤኦቲ የሞል ንጽጽር 12 ገደማ ነው፤ ጭማሪ ስትሞክሩ አትለውጡት።

ጨው፦ 47 ሚሊግራም የገበታ ጨው በውሃው አሟሙ (0.1 ሞል በሊትር ገደማ)። የሶዲየም አዮኖች አሉታዊ ሙል ያላቸው የኤኦቲ ራሶች እርስ በርስ መገፋፋታቸውን ያዳክማሉ። ራሶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሽፋኑ ይጠነክራል፣ ጠብታዎቹ ይዘታቸውን መለዋወጥ ይቀንሳሉ። ውሃ የመያዝ አቅምም ይወርዳል፤ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት አቆይታችሁ ከታች ውሃ ከተለየ ጨው በዝቷል። ፖታሲየም ፐርሰልፌት የተባለው አስጀማሪ ራሱ ጨው ነውና በእሱ የሚያስጀምር ሰው ሳያስበው ጨው ጨምሯል።

አልኮል ይበልጥ ያሳስታል። ሽፋኑን ያላላል፤ በተለይ አይሶፕሮፓኖል ደግሞ ለሚያድገው ሰንሰለት ሃይድሮጂን ሰጥቶ ያሳጥረዋል። ሁለቱን ለመለየት ያንኑ አልኮል በተራ የውሃ ሙሙት ፖሊመራይዜሽን ላይ ሞክሩ፤ እዚያ ሽፋን ስለሌለ የሚታየው ማሳጠሩ ብቻ ነው። አክሪላማይድም በሽፋኑ ላይ ስለሚቀመጥ መጠኑን መጨመር እንደ ጭማሪ ይቆጠራል። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በድንገት ሽቅብ ከወጣ ጠብታዎቹ መያያዝ ጀምረዋል።

ሜቲሊንቢስአክሪላማይድ 0.04 ግራም ካስገባችሁ ሰንሰለቶቹ ይተሳሰራሉ፤ ውጤቱ በውሃ የሚያብጥ እንጂ የሚሟሟ አይሆንም። በዝልግልግነት የሞለኪውል ክብደት መለካት ከዚያ ወዲያ ትርጉም የለውም።

ያልተለየውን ቅልቅል ብቻ ወደ ምላሽ ውሰዱ፦ 0.04 ግራም ኤአይቢኤን (አስጀማሪው)፣ ኦክስጅንን ለማስወጣት 30 ደቂቃ ናይትሮጅን፣ ከዚያ 60 ዲግሪ። ጋዙን አስቀድማችሁ በንጹሕ ቶሉዊን ውስጥ አሳልፉት፤ አለበለዚያ ከፍላስኩ ቶሉዊን እያተነነ ቅንብሩ ይዛባል። ምላሹ ዘግይቶ ከጀመረ መጀመሪያ ኦክስጅንን ጠርጥሩ፤ ከውሃ ይልቅ በቶሉዊን በብዛት ይሟሟል።

ፖሊመሩን በብዙ አሴቶን አዝቅጡ፣ ደጋግማችሁም እጠቡ። ኤኦቲው ከሞኖመሩ አራት እጥፍ ነውና ጥቂቱ እንኳ ከቀረ ሚዛኑ ላይ የሌለ ምርት ያሳያል።